ሽቅብ የሚያወጣ ጉልበት፣ ቁልቁል የሚይዝ ፍሬን

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው አንድ ተራራ ስላልተወጣ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራውን በሐዲድ ለመውጣት የሚያስፈልገው ገንዘብ ሲሰላ ግን ሐረር ተትታ ቆላው ተመረጠ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ጣቢያዋ መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ተባለች፤ ኋላ ድሬዳዋ በሚለው ስሟ ጸናች። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ 14 ዓመት ፈጀ። ከተማዋ የሒሳብ ልጅ ናት ማለት ነው። ጉልበት ምን ያህል ነው ከሚለው በፊት፣ ጉልበቱ ስንት ያስወጣል ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር።

ዛሬ ያንኑ ሒሳብ በራሱ አቅም የሚሠራ አንድ የሳቢያን ሰው አለ። ዕድሜው 34 ነው። በትራንዚት ሥራ ይተዳደራል። ጠዋት የ6 ዓመት ሴት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ከዚራ ወደሚገኘው ቢሮው ይገባል። እሁድ እሁድ ደግሞ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ያሉትን እናቱን ይጠይቃል። ለዚህ ሁሉ እስካሁን ያገለገለችው አንዲት አሮጌ ቪትዝ ናት። ደንገጎ ላይ ኤሲው ካልተዘጋ አልወጣም ትላለች። ከኋላ አይሱዙ ጥሩምባውን ይለቅባታል። ልጅቷ በሙቀቱ ታለቅሳለች፤ አባትየው መሪውን ጨብጦ ይናደዳል።

አሁን እቁቡ ደርሶታል። ያጠራቀመውን ደምሮ ቱርቦ ያለው፣ ሲረግጡት ወንበር ላይ የሚለጥፍ ስፖርት መኪና ሊገዛ ነው። ዓይኑ ያረፈባቸው ሁለት ናቸው፦ 2.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር ያለውና 300 ፈረስ ጉልበት የሚያወጣው ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ፣ እና 2 ሊትር ቱርቦ ያለው፣ 220 ፈረስ ጉልበት ያለው ሰባተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂ ቲ አይ። ጓደኞቹ ከዚህም በላይ ይገፉታል። "ገዝተህ ኮምፒውተሩን ታስቀይራለህ፤ ጎልፉም 300 ይገባል" ይሉታል።

ነገሩን ቅንጦት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሰዉ ለዘይትና ለጤፍ በሚጨነቅበት ጊዜ ስለ ፈረስ ጉልበት ማውራት ያሳፍራል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባውን የሚያወጣበት፣ ልጁን የሚጭንበት፣ ሌላውም የሚሄድበትን መንገድ የሚጋራበት ዕቃ የቅንጦት ወሬ ብቻ አይደለም። የአገሪቱ የታክስ፣ የነዳጅና የመንገድ ፖሊሲ ሁሉ አንድ ላይ የሚገናኘው እዚህ መኪና ውስጥ ነው።

ከገበያው እንጀምር። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ስለዚህ በቤንዚን የሚሠራ ቱርቦ መኪና የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው አስቀድሞ ከገቡት ውስጥ ነው። እነሱም ጥቂት ናቸው፤ ባለቤት ቀያይረዋል፤ ምን እንደተነካካባቸው ሊብሬው አይናገርም። የመኪናው ቁጥር ሲያንስ የመለዋወጫውም ያንሳል። ለቪትዝ በየሱቁ የሚገኘው ዕቃ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና በሰው በሻንጣ የሚመጣ ይሆናል። ዕቃው እስኪመጣ መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ይቆማል፤ ልጅቷም በባጃጅ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

የታክሱ ነገር ደግሞ ለብቻው አስገራሚ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ አዲስ አውቶሞቢልን በሞተሩ መጠን ከፍሎ ነበር፦ እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ 100 በመቶ። ያገለገለው እንደ ዕድሜው እየጨመረ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ትልቅ ሞተር የያዘ ብዙ ይክፈል። ቱርቦ ግን ይህን መለኪያ ያመልጠዋል። የቶዮታ ጂ አር ያሪስ ሞተር 1,618 ሲሲ ብቻ ነው፤ ሲሊንደሩም 3 ነው። ጉልበቱ ግን 260 ፈረስ ገደማ ይደርሳል። በሲሲ ሲለካ ከተራ የቤት መኪና ጋር ይሰለፋል፤ መንገድ ላይ ግን ሌላ ፍጡር ነው። መንግሥት ሲሲ ይለካል፤ ወጣቱ ፈረስ ጉልበት ይለካል። ቁልቁለቱ ሁለቱንም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፍሬን ነው። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

አሁን ለቱርቦ ጠበቃ እንቁምለት፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ቱርቦ ከየትም ይልቅ ትርጉም አለው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያስመዘገበበት ሐሳብ ቀላል ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ዝም ብሎ በማርሚታ ከመባከን አንዲት ተሽከርካሪ ያዙር፤ እሷ ደግሞ በሌላው ጫፍ ያለችውን አዙራ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ትጨምቅ። አየር ሲበዛ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ጉልበት ይጨምራል።

ኢትዮጵያ ከፍታ ላይ ያለች አገር ናት። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ወደብ 13 በመቶ ያህል ያንሳል። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህሉ የለም። ቱርቦ የሌላት ቪትዝ ደንገጎ ላይ የምትለፈልፈው ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው። ቱርቦ ይህን የጎደለ አየር ይሞላል። አይሱዙው ጭነት ተሸክሞ ከኋላዋ ጥሩምባ ሊነፋባት የሚችለውም በዚሁ ነው። የምሥራቁ መንገድ ቱርቦን ካወቀ ቆይቷል፤ ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚበሩት መኪኖች የዕለት ተዕለት ቱርቦ ናቸው። ቅጠሉ በሰዓት ዋጋውን ስለሚጥል ሾፌሩ እግሩን አያነሳም። ሰዉ ለአይሱዙ "አልቃይዳ" የሚል ስም ያወጣለት በከንቱ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ቱርቦ የጎደለውን አየር የሚሞላው በነጻ አይደለም፤ ራሱን አድክሞ ነው። በባሕር ዳርቻ ሞተሩ የሚፈልገውን ግፊት ለማግኘት አየሩን 2 እጥፍ የሚጨምቅ ቱርቦ፣ ያንኑ ግፊት ድሬዳዋ ላይ ለማግኘት 2.3 እጥፍ ያህል መጭመቅ አለበት። ደንገጎ አናት፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ 2.5 እጥፍ ይሆናል። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ከዚያም በላይ ይፈጥናል፤ የተጨመቀውም አየር ይበልጥ ይግላል። እንግዲህ አውሮፓ ውስጥ ለቆላ አገር የተሠራ የኮምፒውተር ማስተካከያ ከኢንተርኔት አውርዶ ሳቢያን ላይ መጫን ማለት፣ ተራራ እየወጣ ያለን ተሸካሚ "ሌላ ኩንታል ልጨምርልህ" እንደማለት ነው። ጓደኞቹ የሚያወሩለት 300 ፈረስ ጉልበት ወረቀት ላይ አለ። ቱርቦው ውስጥ ግን የቀረው ትርፍ አቅም በከፍታው አስቀድሞ ተበልቷል።

ሁለተኛው ዕዳ ሙቀት ነው። ቱርቦ የጨመቀው አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚበርደው በኢንተርኩለር ነው፤ ኢንተርኩለሩን የሚያበርደው ደግሞ ውጭ ያለው ንፋስ ነው። የድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ንፋስ ምን እንደሆነ የድሬ ልጅ ያውቀዋል። እኩለ ቀን ላይ በባጃጅ መሐል ቀስ እያለ የሚሄድ መኪና ኢንተርኩለሩ ከማብረድ ይልቅ ራሱ ይግላል። ትኩስ አየር ሲገባ ነዳጁ ሻማው (ካንዴላው) ከማቀጣጠሉ በፊት በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ዘመናዊ ሞተር ይህን ሰምቶ ጉልበቱን ይቀንሳል። ጉልበት ተጨምሮበት የተነካካ ሞተር ግን ማስጠንቀቂያውን ችላ እንዲል ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፒስተን ይበሳል።

ነዳጁም ከዚሁ ጋር ይቆጠራል። ለእነዚህ መኪኖች የኮምፒውተር ማስተካከያ የሚሠሩ የውጭ ሰዎች የሚያስቡት በቀላሉ የማያንኳኳ፣ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ነው። ሳቢያን ያለው ሰው የሚቀዳው ማደያው ያመጣለትን ነው፤ ሰልፉ ሲረዝም ደግሞ ከጀሪካን የተቀዳ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 100 ብርን ካለፈ ወዲህ ጀሪካኑን የማመን ፈተና ከብዷል። ቪትዝ ለዚህ ታጋሽ ናት። የተወጠረ ቱርቦ ሞተር ግን ለአንድ ቀን መጥፎ ቤንዚን የሚያስከፍለው ቅጣት የአንድ ዓመት ደመወዝ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ነገር ውሃ ነው፤ ይህን የውጭ መጽሐፍ አይነግርም። የድሬዳዋ ውሃ በብዛት የሚወጣው ከሳቢያን ጉድጓዶች ነው። አካባቢው የኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ ለሲሚንቶ ፋብሪካው የጠቀመው ያው ድንጋይ ውሃውን ያከብደዋል። በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የዚያ ነው። ያንን ውሃ ራዲያተር ውስጥ የሚጨምር ሰው ቅርፊቱን በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያስቀምጣል። ተራ መኪና ለዓመታት ይችለዋል። ሙቀቱ እጥፍ የሆነ ሞተር ግን አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም አቀበት ላይ፣ ቴስታታውን ያጣምማል።

ሰውየው ይህን ሁሉ ይዞ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ መካኒክ ዘንድ ሄደ። ድሬዳዋ በዚህ የታደለች ከተማ ናት። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ስንት ትውልድ ብረት እንዲያነብ አስተምሯል። ሐረር ላይ እስከ ቅርብ ዘመን ታክሲ ሆነው የሠሩት ፔዦ 404ዎች እንደዚህ ባሉ እጆች ነው የኖሩት። ያ መኪና ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተመረተ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን 4 ጊዜ ያሸነፈ ነው። ጉልበቱ ግን ከዛሬው ጎልፍ ሲሶ ያህል ቢሆን ነው። የረዘመ ዕድሜ ያገኘው መካኒኩ ከፍቶ የሚያየው፣ አይቶ የሚረዳው፣ ተረድቶ የሚሠራው ስለነበረ ነው።

"ጋሼ፣ ጉልበቱን ምን ያህል ልጨምር?" አላቸው።

"አቦ፣ ይሄ ልጅ!" አሉት ሽማግሌው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "ማነው የነገረህ ጉልበት ያንሰዋል ብሎ? ለሚስትህ ነው የምትነዳው ወይስ ለሰፈር? መጀመሪያ ሙቀት ቀንስልኝ በል። ቀጥሎ ፍሬን አጥብቅልኝ በል። ከዚያ ብር ከተረፈህ ስለ ጉልበት እናወራለን።"

ብር እንደማይተርፈው ሁለቱም ያውቃሉ። የሽማግሌው ዝርዝር አጭር ቢሆንም ውድ ነው። ራዲያተሩ ይወርዳል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ የተጣራ ውሃና ኩላንት እንጂ የቧንቧ ውሃ አይገባበትም። ዘይቱ ፋብሪካው የጻፈው ዓይነት ሲንተቲክ ይሆናል፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ቱርቦው የሚሽከረከረው በዚያ ዘይት ላይ ነውና። የአየር ፊልትሮው በአቧራው ልክ ቶሎ ቶሎ ይታያል። ደንገጎ አናት ላይ ደርሶ የሚቆም ሰው ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም፤ ለአንድና ለሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይተወዋል፤ አለዚያ የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቆመው ዘይት ይከስላል። ዝቅ ያለው የመኪናው ሆድ በኮብልስቶኑና በፍጥነት መቀነሻው ጉብታ እንዳይላጥ ከሥሩ መከላከያ ይገባለታል፤ ዝቅ ለማድረግ ሾክ ማስቀየር የሚባለው ፋሽን አይነካም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፍሬን። ደንገጎን መውጣት የጉልበት ጉዳይ ነው፤ መውረድ ደግሞ የሕይወት። ከአናቱ እስከ ከተማው 800 ሜትር ያህል ከፍታ ይወረዳል። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና የያዘው የዚያ ሁሉ ከፍታ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚገባው የፍሬን ሸራና ዲስክ ውስጥ ነው። በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ግማሹን ለሞተሩ ያሸክመዋል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ግን ፍሬኑን ያግለዋል፤ ዓመታት ያልተቀየረው የፍሬን ዘይት እርጥበት ጠጥቷል፣ ይፈላል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ያኔ 300 ፈረስ ጉልበት ለምንም አይጠቅምም።

የቱርቦ ሌላ ባሕርይም አለ። ሲረግጡት ለአፍታ ዝም ይልና ድንገት ይመጣል። ይህችን አፍታ ያልለመደ ሾፌር ጠመዝማዛው ላይ አይሱዙ ለመቅደም ሲወጣ፣ ጉልበቱ በፈለገበት ጊዜ አይደርስለትም፤ በማይፈልግበት ጊዜ ይደርሳል። ከፊት የሚመጣው ደግሞ ጫት የጫነ ነው።

ሜዳው ቢሆንስ? ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚሄደው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የክፍያ መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። ሰውየው በሥራው ምክንያት ያውቀዋል። እዚያ ላይ እግር ይፈተናል። ግን የዚያ አገር ባለቤት አርብቶ አደር ነው፤ ግመል አስፋልቱን ሲያቋርጥ ግራ ቀኝ አያይም። ሰፈር ውስጥ ደግሞ የሳቢያን ልጆች ኳስ የሚጫወቱት መንገድ ላይ ነው። ባጃጁ ካልታሰበ ቦታ ይታጠፋል። 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና ለመቆም የሚፈልገው ርቀት 30 ከሚሄደው 2 እጥፍ አይደለም፤ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ያለው 4 እጥፍ ነው። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ በአዋጅ አይሻሻልም፣ በጉቦም አይታለፍም።

እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ መኪናን የሚያነሳ ሰው ልክ ነው። መንግሥት ከኤክሳይዝ ታክስ ነጻ ያደረገው ኤሌክትሪክ መኪና ከፍታ አያስጨንቀውም፤ አየር አይተነፍስምና። ጉልበቱ ሳይዘገይ ይመጣል። ደንገጎን ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ከቁልቁለቱም ባትሪውን ይሞላል። ለሳቢያኑ ሰውዬ ዕለታዊ መንገድ ከጎልፉ ይሻል ይሆናል፤ መብራት የሚጠፋበትን ሌሊትና የባትሪውን የሙቀት ጠላትነት ካስተካከለው። ነገር ግን ከባትሪው የተነሳ ከባድ ነው፤ ፍጥነቱም ድምፅ የለውም። የቤንዚኑን ጉልበት በኤሌክትሪክ መተካት የፍሬንን፣ የጎማንና የሾፌርን ጥያቄ አይመልስም። እንዲያውም ያባብሰዋል፤ ማርሚታው የሚጮህ መኪና ቢያንስ ልጆቹ ሰምተው ይሸሹታል።

ከፖሊሲው የሚጎድለውም ይኸው ነው። አገሪቱ የምታስገባውን መኪና በሲሲ ለክታለች፣ በዕድሜ ለክታለች፣ በነዳጅ ዓይነት ለይታለች። ቦሎ በየዓመቱ ይለጠፋል። የአንድን መኪና ጉልበት ከማቆሚያ አቅሙ ጋር አስተያይቶ፣ "ይህን ያህል የምትፈጥን ከሆነ ይህን ያህል ለመቆም ብቁ ሁን" የሚል ጠንካራ ልማድ ግን አልገነባንም። ባለ 70ም ባለ 300ም ፈረስ ጉልበት መኪና የሚያሽከረክረው በዚያው መንጃ ፈቃድ ነው። ገበያው እስኪታረም ድረስ ፖሊሲ አውጪው እያንዳንዱ ገዢ ራሱ ይሆናል ማለት ነው።

ሰውየው በመጨረሻ ጎልፉን ገዛ፤ ሱባሩን ተወው። 220 ፈረስ ጉልበቱ ድሬ ላይ ስንት እንደሚቀር አልጠየቀም፤ ለደንገጎ እንደሚበቃ አውቋል። ኮምፒውተሩን ለማስቀየር ጓደኞቹ የቆጠሩለት ብር ለ4 አዲስ ጎማ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለፍሬን ዘይትና ለራዲያተሩ ሄደ። ጓደኞቹ ተበሳጩበት። "አቦ፣ አንበሳ ገዝተህ ሣር ታበላዋለህ?" አለው አንዱ።

የመጀመሪያው እሁድ ኤሲው ሳይጠፋ ደንገጎን ወጡ። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ተኝታ ነበር። ሲመለሱ በ3ኛ ማርሽ፣ ከአንድ አይሱዙ ኋላ፣ ሳይቀድም ወረደ። ፍሬኑ አልሸተተም።